ለብርሃኔ አሮጌ ኮሮላ የሚስማማው ዘይት

(መርሳ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች የሚሄድ መኪና ባገኙ ቁጥር እየነዱ ይወስዳሉ። ብርሃኔ በግቢው የቆመችውን፣ ዘይቷ ተደፍቶ ያለቀውን የአሮጌ ኮሮላውን ኮፈን ከፍቶ፣ የዘይት ጀሪካን ታቅፎ ቆሟል። ወዳጁ ዘውዱ ከግራና ከተማ የነዳትን ቪትዝ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገብቷል፤ እንደ ብርሃኔ ያለ የመኪና ድንቁርና በዕድሜው አይቶ አያውቅም።)

ዘውዱ፦ አይሆንም አልኩህ! ይሄ ዘይት ቀጭን ነው፤ ቁጥሩ አምስት ሠላሳ። ለአዲስ ሞተር የተሠራ ነው።

ብርሃኔ፦ ቀጭን ከሆነማ ለአሮጊት አይከብዳትም።

ዘውዱ፦ ውስጧ ተበልቶ ሰፍቷል እኮ! ቀጭኑ ሾልኮ ይቃጠላል፤ ትርፍህ ጭስ ነው። ወፍራሙን፣ ሃያ ሃምሳውን ፈልግ።

ብርሃኔ፦ ሃያ ነው ሃምሳ? አንዱን ቁረጥልኝ።

ዘውዱ፦ ሁለቱም! ሃያው ለብርድ፣ ሃምሳው ለሙቀት።

ብርሃኔ፦ መርሳ ሙቀት ነው፤ ሃያውን ቀንሰው አይሸጡልኝም?

(ዘውዱ ግንባሩን ያዘ። ትዕግሥቱን ራሱ አደነቀ።)

ዘውዱ፦ ወፍራሙ ዘይት ወልድያ ሞልቶ ሳለ አንቀላፋህ፤ አሁን መንገዱ ተዘጋ። ክረምቱን ዘይት ስትመርጥ ልትጨርሰው ነው?

ብርሃኔ፦ ምን ላድርግ ወንድምዓለም፣ የቤቴ ጉሮሮ እሷ ናት። እንዳልሳሳት ፈርቼ ነው።

ዘውዱ፦ ከእኔ ተማር። ሰው መኪናውን ጭድ አልብሶ ሲደብቅ እኔ በአደባባይ እነዳለሁ። በሥርዓት ካነጋገርካቸው አይነኩህም።

ብርሃኔ፦ ሥርዓቱም ከዘይቱ ጋር ነው የሚሸጠው?

(መሣሪያ ያነገተ ሰው በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ።)

ታጣቂ፦ የሚነሳው የትኛው ነው?

ብርሃኔ፦ እኔ እንጃ ጌታዬ፤ ስለ መኪና የሚያውቀው እሱ ነው።

(ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ደህና ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ገና አሁን ተገኘ።)

ዘውዱ፦ ይህችኛዋ ዘይቷ ተደፍቶ ባዶዋን ናት፤ ብታስነሳት ሞተሯ እዚሁ ይሰበራል። የኔዋ ግን ዘይቷ በቁጥሯ፣ በሰዓቱ የተቀየረ፤ ቁልፍ ስትነካ ትነሳለች!

ታጣቂ፦ እግዜር ይስጥልን። ቁልፉን።

ዘውዱ፦ ወንድሜ፣ በሥርዓት እንነጋገር...

ታጣቂ፦ በሥርዓት እኮ ነው የጠየቅሁህ። ቁልፉን!

(ቪትዟ ወደ ሲሪንቃ ነጎደች። ዘውዱን ይበልጥ ያንገበገበው የሞተሯ ድምፅ ማማሩ ነበር።)

ብርሃኔ፦ እውነትክን ነው፤ ወዲያው ተነሳች።

ዘውዱ፦ (ድምፁ ሰልሎ) ምናለ ያ ወፍራሙ በተገኘ... ያንተዋ እንኳ ግራና ቤቴ ታደርሰኝ ነበር።

ብርሃኔ፦ ወፍራሙማ አለ፤ ከጎተራው ሥር ቀብሬዋለሁ። አሮጌውንም ያፈሰስኩት እኔው ነኝ። ሰዎቹ ከተማውን ሲለቁ እሞላታለሁ።

ዘውዱ፦ ታዲያ እኔን ስታስለፈልፈኝ የዋልከው?!

ብርሃኔ፦ እንደማትነሳ ከአዋቂ አፍ እንዲሰሙልኝ ነዋ! አሁን ግን የምሬን ልጠይቅህ፤ ግራና ድረስ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የትኛው ቁጥር ይስማማዋል?