ሦስት ጊዜ የዳኑት ልብስ ሰፊ

መሥሪያ ቤታችን የሠራው ታላቅ ሥራ ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ሌላ የሚጽፈው የለም፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። ከምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል የምወጣው ስብሰባ ሲኖር ብቻ ነው። ምሳዬንም እዚያው ከፋይሎቹ ጋር እበላለሁ፤ ፋይል ጨዋ ነው፣ ሰው ሲበላ አያቋርጥም።

የበላይ አካል በከተማው ያሉ አረጋውያን በብቸኝነት እየተጎዱ መሆናቸውን በጥናት ደረሰበት። አረጋውያኑ ራሳቸው ይህን ካወቁት ቆይተዋል፤ ግን ጥናት አልነበራቸውም። ወዲያው የአረጋውያን የቡድን ምክክር መርሐ ግብር ተነደፈ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተጠረገ፤ ወንበሮች በክብ ተደረደሩ። ግድግዳው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሁለተኛ ፎቅ የተመረጠው አየሩ ጥሩ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ የደረሰ ሰው አየር ያስፈልገዋል።

በመክፈቻው ማክሰኞ ኃላፊያችን ንግግር አደረጉ። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» አሉ፤ «ይህንንም መድኃኒት መሥሪያ ቤታችን በተቀናጀ አግባብ ያቀርባል።» አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ከአሥራ አንዱ አረጋውያን ሦስቱ አንቀላፉ። እኔም «ተሳታፊዎቹ ከወዲሁ መረጋጋት አሳይተዋል» ብዬ አሰፈርኩ።

ከዚያ የምክክሩ ባለሙያ ተነሣ። ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ትሑት ልጅ ነው። በእጁ የያዘው ቅጽ ሃያ አራት ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው «እንዴት ነዎት?» ይላል፤ መልሱ «ደህና» ከሆነ የቀሩት ይታለፋሉ።

«እንዴት ነዎት አባት?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«እርስዎስ እናቴ?»

«ምን እሆናለሁ ብለህ ነው? ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

አሥራ አንዱም ደህና ሆነው ተገኙ። አንዷ ሌሊቱን ጉልበታቸው ሲጠዘጥዛቸው ነው ያደሩት፤ ደህና ናቸው። አንዱን ልጃቸው ካናገራቸው ዓመት አልፏል፤ እሳቸውም ደህና ናቸው። እንዴት ነህ ሲባል «ደህና አይደለሁም» ብሎ የሚመልስ ሰው እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም። ደህና የሆነ ሰው ደግሞ በመመሪያው መሠረት ተመርቆ ይሰናበታል። በሃያ ደቂቃ አሥራ አንድ ሰው ከብቸኝነት ዳነ። ለእያንዳንዳቸው ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ተሰጣቸውና ወደ ደረጃው ተሸኙ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሁሉም ተመለሱ። ደረጃውን ተደጋግፈው ሲወርዱ ለካ ተዋውቀው ኖሯል። እንደገና ተመዘገቡ፣ እንደገና ዳኑ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ከአሥራ አንዱ አንዷ፣ አዋላጇ፣ ነቁ። እኚህ ሴት የከተማውን ግማሽ በእጃቸው ስለተቀበሉ ማንንም አንቱ አይሉም። «ደህና ያለ ይባረራል፤ ያልደላው እስከ ምሳ ሰዓት ይቀመጣል» ብለው በጆሮ በጆሮ አስጠነቀቁ። አሥሩ በአንድ ጊዜ ታመሙ፤ ሳቃቸውን እየዋጡ አለቀሱ። ልብስ ሰፊው ብቻ «ደህና፣ ይመስገን» ብለው ሦስተኛ ምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ብቻቸውን ወረዱ። መመሪያው በአንድ ሰው ላይ ከአራት ጊዜ በላይ ፈውስ ማባከንን ይከለክላል። አራተኛ ከዳኑ ስማቸው ለዘለቄታው ይሰረዛል።

በአራተኛው ማክሰኞ አዋላጇ ልብስ ሰፊውን ሲያናግሯቸው በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«አንተ፣ ዛሬም ደህና ነኝ ብትል አለቀልህ።»

«ምን ልበል ታዲያ እትዬ?»

«ደህና አይደለሁም በል።»

«የልጅ ልጄ በሚሆን ልጅ ፊት? ነውር አይደለም?»

«ውሸት ነው?»

ልብስ ሰፊው የኮታቸውን ቁልፍ ያዝ ለቀቅ አደረጉ። «ከማክሰኞ ሌላ የሚያናግረኝ ሰው የለም» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱኑ በል እንጂ።»

ባለሙያው ቅጹን ገለጠ። «እንዴት ነዎት አባት?» ልብስ ሰፊው በልማድ «ደ» ብለው ጀመሩ፤ አዋላጇ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

«ደህና አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻሉም። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏል። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይቀዳሉ፤ ሁለተኛው ሲቀዘቅዝ እሱንም ራሳቸው ይጠጡታል። ጀምረውላቸው የነበረው ቀሚስ እስካሁን ከስፌት መኪናው መርፌ ሥር አልወጣም፤ ቢያወጡት ማለቁ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያንቀላፋ ሰው አልነበረም። ባለሙያው ቅጹን አጠፈና «የባለቤትዎ ስም ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ከሃያ አራቱ ውስጥ የለም። እኔም መጻፍ ረሳሁ፤ ለዚህ ጥፋቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል።

በወሩ መጨረሻ ኃላፊያችን ሠንጠረዡን አዩት። ሲጀመር ደህና አሥራ አንድ፣ ያልደላው የለም። ሲጠናቀቅ ደህና የለም፣ ያልደላው አሥራ አንድ።

«ሦስት ጊዜ ያዳንነው ሰውዬ እንኳ ታመመ» አሉ። «በሽታው ከክፍሉ ነው።»

«ድሮም ደህና አልነበሩም ጌታዬ» አለ ባለሙያው። «አሁን ገና ነው የተናገሩት።»

«እኛ የምንሠራው በተናገሩት ነው።»

በመሆኑም የአረጋውያኑን ጤና ለመጠበቅ ሲባል ክፍሉ ተዘጋ፤ የተረፉት ምስክር ወረቀቶች መጋዘን ሆነ። በነጋታው ባለሙያው ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ።

በቀጣዩ ማክሰኞ የመግቢያው ደረጃ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች አሉ ተባለና በትኜ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ። አሥራ አንዱም ነበሩ፤ እየተጠጋጉ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ደብተሬን ከፍቼ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«ከዚያ ምድር ቤት ጉድጓድህ ወጣህ ልጄ?» አሉኝ አዋላጇ። «እንዴት ነህ?»

«ደህና፣ ይመስገን እማማ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ልብስ ሰፊው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ እጃቸውንም ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱና አንድ የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጡ።

«እንካ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ሦስት አለኝ።»