ክቡር አሁን-ወጡ

መሥሪያ ቤት ከተባለ፣ ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት አይጠፋም። ባለቤቱ ግን የለም፤ የት ሄደ ሲባል መልሱ ያው «አሁን ወጡ» ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች ቅበላ ክፍል ኃላፊም ከዚሁ ወገን ነበሩ። ሠራተኛው ማዕረጋቸውን ጠብቆ «ክቡር አሁን-ወጡ» ይላቸዋል።

አዲሷ ሠራተኛ ዲግሪዋን ይዛ ስትቀጠር አስተዳደሩ ቁርጡን ነግሯታል። ከእንግዲህ ቅበላ ክፍልን ዲግሪ የሌለው ሰው አይመራም፤ ሰውየው ደግሞ የላቸውም። ሥራውን ትንሽ ትልመድና ወንበሩ የሷ ነው።

ወንበሩ ግን ባዶ አይመስልም። ጠዋት ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይተናል፣ ጠጪ የለም። የአመልካቾችን ማስረጃ እዚያው አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ትዞራለች፤ ተመልሳ ስታይ ተፈርሞበታል፣ ቀለሙ አልደረቀም። የበር ድምፅ አልሰማችም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ የጣት አሻራ ቀርቷል። አንድ ቀን ወንበሩን ነካ አደረገችው፤ ይሞቃል። ከዚያ ወዲህ ለኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ አቃታት።

«ለመሆኑ ሰውየው በሕይወት አሉ?» ስትል የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ጠየቀች።

ሠራተኛዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ምን ማለትሽ ነው እህቴ፣ አሁን ወጡ እኮ።»

«ወዴት?»

«እሱን ጠይቄ አላውቅም። ፈርቼ።»

የርክክቡ ቀን ሲደርስ አስተዳደሩ «ፈልገሽ አምጫቸው» አላት። ከቢሮው ጀርባ በኩል ባለው በር እጀታ ላይ ያ ነጭ አሻራ ነበር። ወጣች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ ከወዲያኛው ጫፍ ደረቅ ሳል ይሰማል። የመጨረሻውን በር ገፋችው።

የአንደኛ ዓመት ክፍል ነው። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። የኋላ ረድፍ ላይ አንድ ሸበቶ ራስ ብቻ አልዞረም፤ አቀርቅሮ ይጽፋል። ኮት አልለበሰም፣ ጫማው ላስቲክ፣ ጣቱ ጠመኔ በጠመኔ። ክቡር አሁን-ወጡ ናቸው፤ ሰሌዳ ማጥፋት በፈቃዳቸው የያዙት ሥራ ነው።

«ልጄ፣ ተቀመጪ። መምህሩ አርፍዶ የሚገባ አይወዱም» አሉ በሹክሹክታ።

ሳታስበው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ስንቱን አስገብቼ እኔ ውጭ ቀረሁ። ዲግሪ አምጡ ሲሉን አመለከትኩ።» ጠመኔ ያለበትን ጣታቸውን አነሡ። «የራሴን ማስረጃ ራሴ አልፈረምኩም፤ እሱን እወቂልኝ።»

ስለ ርክክቡ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እሳቸው ቀደሟት። «ወንበሩን ልትወስጂ ነው፣ አይደል? ውሰጂው። ትምህርቴን ብቻ እንዳይነኩብኝ።»

ወሰደችው። እሳቸውም ጥግ ካለች ጠረጴዛ ተዛወሩ፤ የሥራ ሰዓታቸውን ግን በትምህርታቸው ልክ የቆረጠችላቸው እሷ ናት። ሂሳቡ እምቢ ሲላቸው በምሳ ሰዓት እየተቆጣች አስጠናቻቸው።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት ተማሪውን እየገፋች ቀድማ የደረሰችው አዲሷ ኃላፊ ነበረች። እሳቸው ማየቱን ፈርተው ከዛፍ ሥር ቆመዋል። በጣቷ ቁጥራቸውን ፈለገች፣ አገኘች፣ ደግማ አየች። ዞር ብላም በእጇ ጠራቻቸው።

«ይምጡ፣ ጋሼ» አለች። «አልፈናል።»