የአማቴ በሶና የአንጀት ራጅ

በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። መንዝ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ራስ ምታት ቢጤ ጀምሮህ ጋደም ካልህ፣ ገና ትራስህን ሳታስተካክል ጎረቤት ጋቢውን አጣፍቶ "ምነው? ምን አገኘህ?" እያለ ገብቶ ይቀመጣል። ደግ ልማድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሐኪም አንጀትህን ባዶ አድርገህ ና ያለህ ዕለት ነው።

እኔን እንዲህ ያለኝ ደም አይቼ ነው። የት እንዳየሁት አትጠይቀኝ። አባቴ የሞተው በአንጀት ካንሰር ስለሆነ ፈራሁ፤ ያውም በጣም። ዶክተሩ የአንጀት ራጅ አዘዘልኝ። ነርሷ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጥታኝ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ከውሃና ከቀጭን ሻይ በቀር ምንም እንዳልቀምስ አስጠነቀቀችኝና፣ "ሽንት ቤት አጠገብ ይሁኑ፤ ዘና ይበሉ" አለችኝ። የዋህ ልጅ ናት። የእኛን ግቢ አላየችውም።

ሞላሌ ያለው ቤቴ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው። ከአልጋዬ እስከዚያ ባለው መንገድ ጠያቂዎቼ በአግዳሚ ወንበር ተደርድረዋል። መድኃኒቱ ሲያስነሳኝ እነሱም አብረው "ኖር!" ብለው ይነሳሉ። ለእያንዳንዱ "በእግዜር" እያሉ ጎንበስ ማለት ግዴታ ነው። ለመሆኑ በዚያ ሰዓት ጎንበስ ማለት የሚችል ጀግና የት ይገኛል?

ይህ ሁሉ ሳያንስ አማቴ ወይዘሮ አስካለች የበሶ ጭብጦ ቋጥረው ከዘመሮ መጡ። እህል አለመቅመሴን ሲሰሙ ባለቤቴ ላይ ጮኹ፤ ምን አድርጎሽ ነው በረሃብ የምትፈጂው አሏት። ሐኪም ነው ያዘዘው ብንላቸው፣ ሐኪሙ እናት የለውም ወይ አሉ። ከዚያ ከጭብጦው ቆንጠር አድርገው፣ "በሞቴ፣ ልጄ፣ እቺን ብቻ!" አሉኝ። የሰማንያ ዓመት ባልቴት "በሞቴ" ሲሉህ ምን ታደርጋለህ? እምቢ ብዬ በዚያው ሳምንት ቢያርፉ፣ ለቅሶው ላይ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ? ጎረስኩ። ሁለተኛዋም ተከተለች።

በማግስቱ ነርሷ ስትጠይቀኝ ከውሃ በቀር አልቀመስኩም ብዬ ማልኩ። ዶክተሩ ግን ፊልሙን ወደ መብራት አንስቶ ደጋግሞ አገላበጠው። አስተያየቱ አልጣመኝም። በመጨረሻ አንዲት ድብልብል ነገር እንደሚያይ፣ የምግብ ትራፊ ልትሆን ትችል እንደነበር፣ ምንም ካልበላሁ ግን እጢ ሳትሆን እንደማትቀር ነገረኝ። አባቴ ትዝ አለኝ። "በልቻለሁ! በሶ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ ውሸቴን በዚያ ዓይነት ደስታ ያመንኩበት ቀን የለም።

ዶክተሩ ተቆጥቶ እንደገና አስጀመረኝ። በሁለተኛው ዙር የግቢውን በር ቆልፌ ጠጣሁ። ድብልብሏ የለችም፤ ደሙም የኪንታሮት ሆኖ ተገኘ። እፎይ ብዬ ቤቴ ስገባ አማቴ እዚያው ነበሩ። እንዳይከፋቸው ብዬ፣ በመጀመሪያው ራጅ የታየችው ነገር በሁለተኛው እንደጠፋች ብቻ ነገርኳቸው።

እልል አሉ። ያወረደልህ በሶዬ ነው፣ ሐኪሙማ አይቶ ከማስፈራራት በቀር ምን ፈየደ አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

አሁን በአካባቢያችን ራጅ የታዘዘለት ሰው አለ ከተባለ፣ አማቴ በዋዜማው ጭብጦ ቋጥረው ከደጁ ይደርሳሉ። እኔን ደግሞ ለምስክርነት ይዘውኝ ይሄዳሉ።