የስፌት ትርፍ

የፋሽንና የጨርቃጨርቅ ዲዛይን የሚማር ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ማንም ልብሱን አውልቆ በሰላም ገላውን ሊታጠብ አይችልም። ትምህርቱ ላይ «አካባቢን የማይጎዳ» የሚል ቅጥያ ካለበት ደግሞ መጋረጃውም መስጋት ይጀምራል። እንዲህ ዓይነቷን ልጅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የማታውቋት ከመሰላችሁ፣ አንድ ቀን ወረፋ ላይ ቆማችሁ ሳለ ከኋላ ኮሌታችሁን ገልብጣ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ ያነበበችውን ልጅ አስታውሱ። የእህቴ ልጅ ናት።

እኔ ክብርት ወይዘሪት ትርፍ-የለም እላታለሁ። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ከልብስ ተቆርጦ የሚጣል እራፊ ሁሉ ለእሷ ወንጀል ነው። መቀስ በእጇ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ «ትርፍ የለም!» ትላለች። መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም። ቆማ ትበላለች፣ እየተንጎራደደች ታጠናለች፣ ስታዋራንም ዓይኗ ሱሪያችን ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የምጽፍበት ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሻይ ሳይቀርብለት ኮሌታው ተነበበ። «ስልሳ አምስት በመቶ ፖሊስተር!» አለች፣ ክፉ ውጤት እንደሚናገር ሐኪም ፊቷን አጨማድዳ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ የለበሱት የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ነው።» ሰውዬው ከዚያ ወዲህ የሚያገኘኝ በስልክ ብቻ ነው።

ሌላ ቀን ከሥራ ስመለስ ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል። ርቦኝ ስለነበር ሳልጠይቅ በጭልፋ ቀመስኩ። የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ መሃሉ ላይ የእኔ ነጭ ካናቴራ ይዋኛል። «ቀለም እየነከርኩ ነው እኮ!» ብላ ጮኸችብኝ። ያዘነችው ለሆዴ ሳይሆን ለጎደለው ቀለም ነበር።

ጽሑፌንም አትምርም። «ይቺ ቃል ትርፍ ናት፤ ይቺም ትርፍ ናት» እያለች ትሰርዛለች። የሚያናድደው፣ ብዙ ጊዜ ልክ ናት።

እውነቱን ልናገርና ይህ «ትርፍ» የሚሉት ቃል እኔን ያስበረግገኛል። እህቴ ቤት የመጣሁት የምከራየው ቤት እስካገኝ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ስምንት ዓመት ሆነኝ። ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል፣ አንድ እግሩ ከተሰበረ ወንበርና ከማይሠራ ቴሌቪዥን ጋር እኖራለሁ። ልጅቷ «ትርፍ የለም!» ባለች ቁጥር ሻንጣዬ የት እንዳለ በዓይኔ እፈልጋለሁ።

የመመረቂያ ሥራዋ ከአንድ አሮጌ ጨርቅ ወንድም ሴትም የሚለብሰው ካፖርት መሥራት ነበር። ጣት የምታክል ብጣሽ እንኳ መትረፍ የለባትም። ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። የሳሎኑ ወፍራም መጋረጃ በእናቷ እንባ ተሸኘ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስታሰምር፣ ስታጠፋ፣ ኪሱን ከእጅጌው ጥግ፣ ኮሌታውን ከጀርባው ጥግ ስታሸጋሽግ ከረመች። ቆርጣ ስትጨርስ ወለሉን ጠረግን፤ ከአቧራ በቀር ምንም አልወጣም። «ትርፍ የለም!» ብላ ዘለለች።

ሥራዋን በምታቀርብበት ቀን ጠዋት፣ ካፖርቱን ለብሳ የምታሳይላት የክፍል ጓደኛዋ መጣች። ካፖርቱ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ። ቢሳብ፣ ቢገፋ፣ ትንፋሽ ቢያዝ አልሆነም። የእኛዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ሳያት ደነገጥኩ።

«የስፌት ትርፍ» አለች። «የስፌት ትርፍ ረሳሁ።»

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ፣ ስፌቱ ለሚበላው ብሎ ከልኩ አሳልፎ የሚተወው ጠርዝ አለ፤ እሱ ነው የስፌት ትርፍ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚማሩት ነገር ነው። እሷ ግን ትርፍ የተባለውን ሁሉ ስታሳድድ እሱንም አብራ አባረረችው።

«ታዲያ ትንሽ ጨርቅ ቀጥይበታ» አለች እህቴ።

«ከየት አምጥቼ፣ እማዬ? አንዲት ብጣሽ እንኳ አልተረፈችም እኮ!»

አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው ሜትር እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከላይ እስከ ታች። እኔ ሸንቃጣ ነኝ፤ ክፉዎች ከሲታ ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ተነስ።»

«እኔ? መምህራን ፊት? አብደሻል?»

«ተነስ አልኩህ!»

ልክክ አለ። አንድ ቁልፍ እንኳ አልተከራከረም።

ከሰዓት በኋላ ካፖርቱን ለብሼ ሦስት መምህራን ፊት ተንጎማለልኩ። አንዷ መምህርት ዞረችኝ፤ ስፌቱን ገልጣ አየችና መነጽሯን ዝቅ አደረገች። «የስፌት ትርፍ ረስተሻል» አለቻት።

«አዎ፣ ረስቻለሁ።»

«እሺ። ሌላውስ? የተረፈ ነገር አለ?»

«ቤታችን አንድ አጎት ተርፎ ነበር» አለች። «እሱም ገባበት።»

መምህራኑ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። እሷም ፈተናውን አለፈች። ሻንጣዬንም ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይኔ ፈልጌው አላውቅም።

አሁን ሥራ ይዛ ሌላ ሰፈር ትኖራለች፤ ብቅ የምትለው እንደ እንግዳ ነው። ካፖርቱ እኔ ጋር ቀርቷል። ስፌቱ በቂ ጠርዝ ስለሌለው ክንዴን ከፍ ካደረግኩ ብብቱ ይተረተራል። ደውዬ ስነግራት መርፌዋን ይዛ ከች ትላለች። «ደግሞ ምን ስታደርግ ተተረተረ?» እያለች ቆማ ትሰፋዋለች፣ ኮሌታዬን ታነባለች፣ አዲሱን ጽሑፌን ትሰርዛለች።

ምን ሳደርግ እንደሚተረተር ነግሬያት አላውቅም። ስትናፍቀኝ ካፖርቱን ለብሼ፣ ምንም የሌለበትን የላይኛውን መደርደሪያ ለመንካት እንጠራራለሁ።