ክር ያላገኘችው አሥራ ሰባተኛዋ ሚስማር

ዛሬ አዋሽ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ከነገ ጀምሮ አርክቴክት ብላችሁ አትጠሩኝም!

ሥራው ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ቤት ነው። አሮጌው ቤት አለ፤ እናቶቹ ግን ሳይሰነብቱ ጥለውት ይሄዳሉ። አዲሱን እንድነድፍ ተሰጠኝ።

እኔ ደግሞ ግራፍ ቲዎሪ፣ ነጥቦችን በመስመር የሚያያይዘውን ሒሳብ፣ አውቃለሁ! (አትሳቁ።)

ሰመራ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ ሠላሳ አንድ ሚስማር መታሁ። እያንዳንዱ ሚስማር እናቶቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ጥላ፣ ውሃ፣ ማብሰያ... አንዱን ስቀይር ሌላው የሚነካ ከሆነ ሁለቱን በቀይ ክር አስራለሁ። የተሳሰሩትን አንድ ላይ እነድፋለሁ። በቃ፣ ሳይንስ ነው!

አሥራ ሰባተኛዋ ብቻ ክር አላገኘችም። "ተኝታ መንገዱ ይታያት" ትላለች። ፋጡማ የሚባሉ የአፋር እናት ናቸው የጠየቁት።

ቪው የፈለጉ መሰለኝ! ሆቴል የሚይዙ ይመስል!

ነቀልኳት። ቤቱንም ከፀሐይ ላሸሽ ብዬ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠሁት። የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ልጅ ነኝ፤ ስለ ሙቀት ማን ያስተምረኛል?

ሰሌዳዬን ታቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሚሌ ላይ አንዱ ተሳፋሪ "የዓሣ መረብ ነው?" አለኝ። ተናደድኩበት።

አዋሽ፣ ከእናቶቹ ጋር በነበረን ስብሰባ ላይ፣ ሠላሳውን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ፋጡማ ጨርሰው ከሰሙ በኋላ "የኔ ቃል የት ሄደ?" አሉኝ።

"ከሌሎቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር አጣሁ፣ እናቴ።"



"ልጄ አሮጌው ቤት ነበረች" አሉ። "መንገዱ አይታይም። የኛ ሰፈር ሰው ያልፋል፣ አታየውም፣ አትጠራውም። ዳጉ የለም። ልጆቿ ደህና ናቸው? ፍየሎቹ አሉ? አታውቅም። በሦስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ምጡ መንገድ ላይ ያዛት። ወላሂ፣ እሷንም ሕፃኑንም ቀበርን።"

ዳጉን አውቃለሁ። መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያደርሰው የቤት ወሬ ነው፤ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ፋጡማ ተነስተው ሚስማሯ የነበረችበት ቀዳዳ ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

"ከአልጋው ጋር እሰሪው። ከበሩ ጋር። መንገደኛው ከሚቀመጥበት ጥላ ጋር። ከሚጠጣው ውሃ ጋር።"

ሚስማሯን መልሼ መታሁና አሰርኩ። ክሬ አለቀ፤ እሳቸው ገና አልጨረሱም።

ምን እንደሚፈልጉ እነሱን ጠይቄያለሁ። የቱ ከየቱ ጋር እንደሚገናኝ ግን የጠየቅኩት ራሴን ብቻ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ምን ይባላል?