ቆሎን ማን አሰለጠነው?

ባለቤቴ ሰናይት ከሞተች ስምንት ወር ሆናት።

ይህን የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አዝናችሁልኛል፤ ምስር ወጡም ቂጣውም ደርሶኛል፤ ድስቶቹን እስካሁን ለየባለቤታቸው መልሼ አልጨረስኩም። የነገርኳችሁ፣ ቀጥዬ ስለ አንድ ቡችላ ስለማወራ «ይሄ ሰውዬ ሌላ ጉዳይ የለውም እንዴ?» እንዳትሉኝ ነው።

እኛ ዘንድ ውሻ ሠራተኛ ነው። ግቢ ይጠብቃል፣ ይጮሃል፣ ትራፊ ይበላል፣ ከደጃፍ አያልፍም። ሥራ የሌለው ውሻ ምን እንደሚያደርግ ማናችንም አስበን አናውቅም። ስለዚህ የሰናይት ወንድም ለልጄ ለሊያ ከአዲስ አበባ በብስኩት ካርቶን ያመጣላትን ነገር ስናይ፣ ቀሪው አካሉ በሌላ ካርቶን የሚመጣ መስሎን ነበር። «ትንሽ ዝርያ ነው። አድጎ ሲጨርስ ከድመት አይበልጥም» አለን፣ ኮራ ብሎ። ስድስት ዓመት የሆናት ሊያ ጎንበስ ብላ አየችውና «ቆሎ» አለችው። እኛ ታቦር ሰፈር ጣሪያ ለጣሪያ የሚቆሙት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች እንኳን ቁልቁል አይተውት፣ ለቁርስ ያንሳል መሰለኝ፣ ዝም አሉት።

ሊያ «ቆሎ» ያለችው በሹክሹክታ ነው። ልጄ እናቷ ካረፈች ወዲህ ድምፅ አውጥታ አታወራም። ሐዘን ነው፣ ያልፋል ብዬ ተውኳት። ለቆሎ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጆሮው ላይ ተደፍታ የዋለችበትን ሁሉ ትነግረዋለች። የምነግራችሁ ነገር የቡችላ ሽንት ጉዳይ ቢመስልም፣ ለእኔ ጉዳዩ ያ ጆሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በራችን ተደበደበ። በሩ ላይ «በሽተኛ አለ፤ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ» የሚል፣ ሰናይት ታማ ሳለች በእጄ የጻፍኩት ካርቶን እስካሁን አለ። ቤት አከራያችን እትዬ ዘነበች ግን በመጥረጊያ እጀታ ነው የሚያንኳኩት።

«አንተ ልጅ፣ ጸበል ይዤ ስገባ በረንዳው ላይ ምን እንደረገጥኩ ታውቃለህ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ገና ሕፃን ስለሆነ…»

«ሁለት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ። ውጪ መውጣት ካልለመደ ገጠር፣ ቱላ፣ እህቴ ጋ ይሄዳል። እዚያ ዶሮ ይጠብቅ።»

«እሱ ዶሮ ሊጠብቅ?»

«እሺ፣ ዶሮዎቹ ይጠብቁታ!»

ሊያ ከኋላዬ ቆማ ሱሪዬን ያዘች።  

ስልኬን ከፍቼ ሳነብ አመሸሁ። የትንንሽ ዝርያ የሽንት ፊኛ ትንሽ ስለሆነች ቡችላው በየሁለት ሰዓቱ መውጣት አለበት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል፣ ሥራውን ሲጨርስ ወዲያው ሽልማት። ከደብተር ቀድጄ ፕሮግራም ጻፍኩ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት መውጣት፣ አንድ ሰዓት ምግብ፣ ከምግብ በኋላ መውጣት፣ ሦስት ሰዓት መውጣት። ቦታው ግቢው ጥግ ያለው ዘይቱን ሥር። ቃሉ «ውጣ»። ሽልማቱ ዳቦ።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ሰው ጭኖ በየሁለት ሰዓቱ ወደ ቤት መሮጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ከዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ጭኜ ስበር፣

«ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! ምን ተፈጠረ?» አሉኝ።

«የውሻዬ ሰዓት ደርሶ ነው።»

«ውሻ ሰዓት አለው? የእኔ ባል እንኳን የለው!»

ግን አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሽልማቱን በቅድሚያ እሰጠው ነበር። ያደግኩበት ነው፤ ሰው ባዶ ሆዱን እንዴት ይታዘዛል? አስቀድሜ አጎርሰዋለሁ፣ ከዚያ «ውጣ» እለዋለሁ። ቆሎ ይበላል፣ ዘይቱን ሥር ቁጭ ብሎ አየር ይቀበላል፣ ቤት ይገባና ወለሉ ላይ ጉዳዩን ይጨርሳል። ውጪው መዝናኛው፣ ቤቱ መጸዳጃው ሆነ።

ቀነ ገደቡ ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ ጎማ ተንፍሶብኝ ባጃጇን እየገፋሁ ወደ ቤት መጣሁ። ሞተሯ ስለጠፋ ድምፅ የላትም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ ቆሜ አየሁ።

እትዬ ዘነበች መጥረጊያቸውን አንስተው «ክላ!» አሉ። ቆሎ ተስፈንጥሮ ዘይቱኑ ሥር ደረሰ። ደረሰና ሸና። እትዬ ግራ ቀኝ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ኃጢአት የገቡ መሰላቸው። «ውይ፣ ደነገጠ ምስኪን…» ብለው ከቀሚሳቸው ኪስ የዳቦ ቅርፊት ወረወሩለት።

አንድ ቦታ። አንድ ቃል። ወዲያው ሽልማት። የእኔን ወረቀት ሳያነቡ አንዲት መስመር አላጎደሉም።

«እትዬ፣ ይሄን ስንት ቀን ሠሩት?»

ደነገጡ። «ምኑን? ማባረሩን ነው? ሁለት ሳምንት ሙሉ አባረርኩት፣ አልሄድ አለ እንጂ!»

«እያባረሩት አይደለም። አሰልጥነውታል።»

«እኔ?» መጥረጊያውን እንደ ማስረጃ ከኋላቸው ደበቁት። ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ እንዳልከው ይሁን። ጠዋት ጠዋት ግን ኪዳን ነኝ። ማን ሊጮህለት ነው?»

እኔ ሞከርኩ። ቆሎ ጨዋታ መሰለው፤ ጫማዬን ነከሰ። እትዬ ከትምህርት ቤት ወደ ገባችው ወደ ሊያ ዞሩ።

«ሚጡ፣ አንቺ በይው እስቲ። ያንቺ አይደል?»

ሊያ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ክላ» አለች፣ በዚያው በሹክሹክታዋ። ቆሎ ጆሮውን አቀና፤ የሚነገረው ወሬ ያለ መሰለው።

«ከሆድሽ ነው እንጂ የኔ እናት! ይሄማ ወደ ቱላ መሄዱ ነው።»

ሊያ መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ካርቶን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ከሐዘን ጋር የሚገናኝ አስተያየት አልነበረም፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ልጅ አስተያየት ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። ሰናይት ስትታመም «ድምፅሽን ቀንሺ፣ እማዬ እንዳትነቃ» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ነገርኳት። በቃ፣ አሁን መጮኽ ይቻላል ብዬ ግን አልነገርኳትም። ልጅቷ ስምንት ወር ሙሉ ስትታዘዘኝ ኖራለች። ቆሎ አንድ ቃል አልታዘዝ እያለኝ ሳማርር፣ እሷ እዚያው ነበረች።

«ጩሂ ሊያ» አልኳት። «እንደፈለግሽ ጩሂ።»

«ክላ!»

ምን ልበላችሁ። ከጎረቤት ጣሪያ ሁለት አባ ኮዳ ተነሥተው በረሩ። ቆሎ ዘይቱኑን አልፎ አጥር ጋ ደርሶ ነው የተመለሰው። ተመልሶም የሚገባውን በሚገባው ቦታ አደረገ። እትዬ ቅርፊቷን ለሊያ ሰጧት፣ ሊያ ወረወረች።

«ቱላ ቀርቷል» አሉ እትዬ። «ግን ኪዳን አድርሼ ስመለስ በረንዳው እርጥብ ከሆነ…» አልጨረሱትም፤ ሊያ ሌላ ቅርፊት ካለ ብላ ኪሳቸውን እየዳበሰች ነበር።

ቆሎ ያን ቀን ስድስት ጊዜ «ክላ» ተባለ። አራቱ አያስፈልጉም ነበር፤ ልጅቷን የሚያቆማት ግን አልተገኘም። ሲመሻሽ እራት በላን፣ ጎማዬን ለጠፍኩ። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ካርቶን ነቀልኩ፣ ገልብጬ በጀርባው የቆሎን አዲስ ፕሮግራም ጻፍኩበትና በሚስማሩ መልሼ ሰቀልኩት።