ካርድ የሌለው ርዕስ

በካርድ የሚምል ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ የቆቦ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሰይድ! ከሰይድ ቤተ መጻሕፍት እንኳን መጽሐፍ፣ መጥረጊያም ያለ ካርድ አይወጣም።

በዚያ በድርቁ ዓመት፣ ተማሪዎች መንግሥት ስለሸሸገው ረሃብ የበተኑት ወረቀት እጁ ገባ። ሌላው ሰው ወረቀቱን በፍርሃት ይደብቃል፤ የሱ ጭንቀት ሌላ ነው። መጻሕፍት እንዲመድብበት ከላይ በተላከለት የርዕስ ዝርዝር ውስጥ «ረሃብ» የሚል የለም! ታዲያ ምን ብሎ ይመዝግበው? ሦስት ቀን ሙሉ ተብሰለሰለ።

በአራተኛው ቀን ከዋጃ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ጥላ ፈልገው ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ የፈረንጅ ዘመናዊ ሥዕል መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች እንደ ሸምበቆ ቀጥነዋል።

«ልጄ፣ እነዚህስ ከየት ተሰደው ነው?»

«አብሽሩ እናቴ፣ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ሆን ብሎ ነው ያቀጠናቸው።»

«ወላሂ አይቶ ነው እንጂ! አላህ ይዘንለትና፣ ይኼኛው ቁርጥ ባሌን።»

ሰይድ ዝርዝሩን ገፋ አድርጎ በአዲስ ካርድ ላይ «ረሃብ» ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱንም የሥዕሉን መጽሐፍም እዚያው ሥር መዘገበ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ምሳውን በጨርቅ እንደተቋጠረ ሰጣቸው።

በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቤት ያለ ካርድ የወጣ ነገር ቢኖር ያ ቋጠሮ ብቻ ነው።